ሌሊት ምስር የሚያስለቅመው ክኒን፦ ፕሬድኒሶሎን እየወሰዱ እንቅልፍ የማግኛ መንገድ

አክስቴ የምትኖረው ኩታበር ነው። ባለፈው ክረምት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እየተነሳች ምስር መልቀም ጀመረች። አንድ ቀን ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ግን የራሷን ጨርሳ የጎረቤት ምስር ተቀብላ ስትለቅም ተገኘች። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጠበል ትሂድ አለ፣ ሌላው ዱዓ ይደረግላት አለ። ወሎ ነውና ሁለቱም ተደረገላት። እሷ ግን ዓይኗ እንደፈጠጠ ነው።

እኔ ደሴ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ስትደውልልኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት «ምን እየዋጥሽ ነው?» ብዬ ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመሟ ፕሬድኒሶሎን ታዞላት ኖሯል። አምስተኛ ሳምንቷ ነው። የመድኃኒቷ ፖስታ ላይ የተጻፈው «4 ፍሬ በቀን አንዴ፣ ከምግብ በኋላ» ብቻ ነው። አክስቴ ዘንድ ደግሞ ምግብ ማለት ራት ነው። ጠዋት ቡና ትጠጣለች፣ ቆሎ ትቆረጥማለች፣ ወደ ሥራዋ። ስለዚህ 35 ቀን ሙሉ ማታ 2 ሰዓት ላይ ራቷን በልታ 4 ፍሬዋን ስትውጥ ከረመች። የሰጣት ሰው አልተሳሳተም፣ እሷም አልተሳሳተች። ሰዓቱን ግን ማንም አልነገራትም።

እኔን ያስደነገጠኝ ቀጥላ ያለችው ነው። «ከነገ ጀምሮ ትቼዋለሁ።»

እንቅልፍ ያሳጣችሁን ስቴሮይድ (ፕሬድኒሶሎንና ዘመዶቹ የሚጠሩበት ስም ነው) በአንድ ቀን ወርውሮ መተው ከእንቅልፍ ማጣቱ ይልቅ አደገኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነካት ያለበት የምትውጡበት ሰዓት እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። ያም ቢሆን ሐኪም አማክራችሁ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት ለአክስቴ ከነገርኳትና መስኮታችን ላይ በየቀኑ ከምናገረው የተለቀመ ነው።

ዓይን የሚያፈጥጠው ለምንድን ነው?

ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲዞልን የሰውነታችን አውራ ዶሮ በሉት። ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ድምፁ አይሰማም። ወደ ንጋት መነሳት ይጀምራል። ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየቀነሰ ይሄዳል።

ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባሉት መድኃኒቶች የዚህ ሆርሞን ዘመዶች ናቸው። ማታ ስትውጧቸው ዶሮውን እኩለ ሌሊት ላይ እያስጮኻችሁት ነው። አንጎል «ነጋ» ይላል። እንቅልፍ ቢመጣ እንኳ ስስ ይሆናል፤ በየመሃሉ ያባንናል፣ ሕልም የምናይበት ክፍልም ያጥራል።

ደግሞ ቢያስነቁም የዋዛ መድኃኒቶች አይደሉም። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ኮርቲዞን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሲሰጥ አልጋ ላይ የዋለች ታማሚ በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄዳለች። ሥራው በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ዛሬ እኛ ዘንድ ለአስም፣ ለኩላሊት፣ ለዓይን፣ ለቆዳ፣ ለሉፐስ፣ ለማጅራት ቲቢ ይታዘዛሉ። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ስም ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር የማያነሳ የወሎ ሰው የለም። ሥጋ ደዌው ነርቭን ሲያስቆጣ የሚሰጠውም ይኸው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ለወራት።

መጀመሪያ የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ እወቁ

ፖስታውን ወይም ማዘዣ ወረቀቱን አምጡና ስሙን አንብቡ። ማንበብ ካስቸገረ መድኃኒት ቤት ጠይቁ፤ አናፍርባችሁም። ሦስት ነገር ነው የምትፈልጉት፦ ስሙ፣ የአንዱ ፍሬ ሚሊግራም፣ የቀኑ ጠቅላላ መጠን።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው ፕሬድኒሶሎን ባለ 5 ሚሊግራም ነው። የአክስቴ 4 ፍሬ 20 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ዴክሳሜታዞን ግን ፍሬው ቢያንስም ጉልበቱ ሌላ ነው። 0.75 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎንን ያክላል። ስለዚህ «የኔ እኮ ትንሽ ናት» አትበሉ።

የሚቆዩበትም ጊዜ ይለያያል። የሃይድሮኮርቲዞን ሥራ ሰውነት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። የፕሬድኒሶሎን ከ12 እስከ 36፣ የዴክሳሜታዞን ከ36 እስከ 72። ይህ ምን ማለት ነው? ፕሬድኒሶሎንን ከማታ ወደ ጠዋት ማዞር ብዙ ሰው ላይ ልዩነት ያመጣል። ዴክሳሜታዞን ግን ጠዋት ቢዋጥም ማታ ድረስ ይከተላችኋል፤ ማዞሩ ይረዳል እንጂ ተአምር አይጠበቅም። ለጉንፋን «ጠንከር ያለ መርፌ» ተወግቶ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ያደረ ሰው በየሳምንቱ ይመጣብኛል። ምን እንደተወጋ ስጠይቀው አያውቀውም። ወረቀቱን ስናይ ብዙ ጊዜ ዴክሳ ሆኖ ይገኛል። መወጋታችሁ ካልቀረ ስሙን ጠይቃችሁ ተወጉ።

የቆዳ ቅባትና የዓይን ጠብታ እንደታዘዘው ከተጠቀማችሁ እንቅልፍ ላይ ያን ያህል አያደርሱም። ለአስም የሚነፋው ቤክሎሜታዞንም እንዲሁ፤ እሱን ማታ መንፋት ችግር የለውም፣ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥሙጡ። ሌላው የአስም መንፊያ ሳልቡታሞል ደግሞ ስቴሮይድ አይደለም፤ ግን እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፣ ደጋግሞ የነፋው ሰው ላይተኛ ይችላል። ጉልበት ወይም ትከሻ ውስጥ የሚወጋው ስቴሮይድ ፊት እያቀላ ለጥቂት ቀን እንቅልፍ የሚነሳው ሰው አለ፤ ያልፋል። ስፖርት ቤት የሚወራው ጡንቻ ማሳደጊያ ስቴሮይድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም።

መጠኑ ለምን ያሳስበናል? በ1972 እ.ኤ.አ. ከቦስተን የወጣ የታወቀ ጥናት ነበር። ሆስፒታል ተኝተው የፕሬድኒሶሎን የቅርብ ዘመድ የሆነውን ፕሬድኒሶን የሚወስዱ ሰዎች ላይ የአእምሮ መረበሽ ምን ያህል እንደሚከሰት ቆጠረ። በቀን እስከ 40 ሚሊግራም ከሚወስዱት 1.3 በመቶ፣ ከ41 እስከ 80 ከሚወስዱት 4.6 በመቶ፣ ከ80 በላይ ከሚወስዱት 18.4 በመቶ ሆነ። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ከዚህ የበለጠ የተለመደ ነው። ግን አቅጣጫው ይታያችኋል፤ ፍሬው ሲበዛ ጭንቅላትም አብሮ ይነቃል። በቀን 8 ፍሬና ከዚያ በላይ የምትውጡ ሰዎች ከቤተሰብ አንድ ሰው ይህን ጽሑፍ እንዲያነብ አድርጉ።

ክኒኑ ነው ወይስ በሽታው?

ይህን ሳይለዩ ሰዓት መቀየር ከንቱ ድካም ነው። የክኒኑ እንቅልፍ ማጣት መልክ አለው። ሰውዬው አይደክመውም። ዓይኑ ብሩህ ነው። ሐሳቡ ይሮጣል፣ ይርበዋል፣ ሌሊት ሥራ ያምረዋል። ምስር እስከ መልቀም።

አስማችሁ እያፈናችሁ፣ እያሳላችሁ፣ ደረታችሁ እያፏጨ ከሆነ የምትነቁት ግን ያስነሳችሁ በሽታው ነው። መድኃኒቱ አልበቃም ማለት ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ተመለሱ። የከሰል ጭስና ዕጣን በዝቶበት ባደረ ቤት የሚተኛ የአስም ሕመምተኛም ፕሬድኒሶሎንን ከመውቀሱ በፊት መስኮት ይክፈት። መገጣጠሚያ እየወጋው የሚነቃም እንደዚሁ። ለሽንት ሦስት አራት ጊዜ የምትነሱ ከሆነ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለመለየት አምስት ቀን በደብተር ጻፉ። ረጅም አይደለም። አክስቴ ፊደል ስላልቆጠረች የልጅ ልጇ ነው የጻፈላት፦

«ማክሰኞ። ክኒን ማታ 2 ሰዓት። ቡና ጠዋት፣ ቀትር፣ 11 ሰዓት። ተኛች 4 ሰዓት። ነቃች 7 ሰዓት ተኩል። ምስር።»

አምስት መስመር እንዲህ ያለ ነገር ለሐኪም ስታሳዩት «እንቅልፍ አጣሁ» ከማለት የበለጠ ይነግረዋል።

ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማዞር

ዋናው ቦታ ይህ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የታዘዘ ፕሬድኒሶሎን በአብዛኛው ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከቁርስ ጋር ይዋጣል። ያኔ የሰውነት ዶሮም እየጮኸ ነው፤ ክኒኑ አብሮት ይጮኻል፣ ማታ ላይ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን ጉድ ይሠራል። ማዘዣው ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጠዋት 8 ተብሎ ይጻፋል። ሕመምተኛው ቤቱ ገብቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይውጣል። ስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። ስለዚህ መድኃኒት ስትቀበሉ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «በኛ ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ? ጠዋት ነው ማታ?» መልሱን ፖስታው ላይ አስጽፉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ፀሐይ ይሳልለት። እኔ ለአክስቴ የሳልኩት ከፀሐይ ይልቅ ጃርት ይመስላል፣ ግን ገብቷታል።

ከማታ ወደ ጠዋት እንዴት ነው የምትሻገሩት? ማታ የዋጣችሁትን ጠዋት እንደገና ደርባችሁ አትዋጡ። ወይም ለመቀየር ብላችሁ ቀን አትዝለሉ። ሐኪማችሁን ጠይቁ። የአክስቴ ሐኪም በስልክ ያላት ቀላል ነበር፤ ማታ 2 ሰዓት የነበረውን በማግሥቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ። በየመሃሉ 18 ሰዓት ይሆናል። ሁለት ቀን ፈጀ፣ አለቀ። የሌላ ሰው ሐኪም ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ሆን ተብሎ ማታ የሚወስድ አለ። የነዚያ የኩላሊት አናት ዕጢዎች ሕመም ያለባቸው፣ ልዩ ሕክምና ላይ ያሉ። እናንተ ከነሱ ወገን ከሆናችሁ ይህን ጽሑፍ አይታችሁ ሰዓት አትቀይሩ። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቁርስን በተመለከተ፣ ቆሎ ብቻ አይበቃም። ፕሬድኒሶሎን ጨጓራ ያስቀይማል፣ ጨጓራ ደግሞ ማታ ያቃጥልና እንቅልፍ ይነሳል። ቅንጬ ይሁን፣ ፍርፍር ይሁን፣ ትናንት የተረፈ እንጀራ ይሁን፣ ሆድ የሚይዝ ነገር ይቅደም። አክስቴን ያስቸገራት ይህ ነበር። ክኒኑን መዋጥ አላስቸገራትም፤ ጠዋት መብላት ነው ያስቸገራት። «ሳልሠራ ልብላ?» ትላለች።

በቀን ሁለት ጊዜ ለታዘዘላችሁ፣ ሁለተኛውን ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። «ሁለት ጊዜ» ሲባል ብዙ ሰው ጠዋትና ማታ ብሎ ነው የሚተረጉመው። ማንም አይፈርድበትም፣ ሌላው መድኃኒት ሁሉ እንደዚያ ነውና። ደግሞ ሙሉው መጠን በአንድ ጠዋት ይጠቃለልልኝ ወይ ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ አንዳንዱ ሕመም ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም።

ከረሳችሁትስ? ቀን ላይ ካስታወሳችሁ ያኔውኑ ዋጡት። ማታ ከሆነ ለአጭር ጊዜ የታዘዘላችሁ ሰዎች በማግሥቱ ጠዋት በተለመደው መጠን ትቀጥላላችሁ፤ እጥፍ አይዋጥም። ለወራት የምትወስዱ ወይም የኩላሊት አናት ዕጢዎች ችግር ያለባችሁ ግን ደውላችሁ ጠይቁ፣ ለእናንተ አንድ ቀን መዝለል ቀላል አይደለም።

ሕፃናትም አይቀሩም። ለኩላሊት ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ልጅ ሌሊት ሲዘልል፣ ሲነጫነጭ፣ ምግብ ምግብ ሲል ወላጅ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል። ክኒኑ ነው። ጠዋት ስጡት። በጣም ይመርራልና ተፈጭቶ ከእርጎ ጋር ቢሰጥ ይቀለዋል።

ጾም ሲመጣ

ወሎ ላይ ስለ መድኃኒት ሰዓት ተጽፎ ስለ ጾም ካልተጻፈ ጎዶሎ ነው።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ክኒኑንም አብሮ ወደ 9 ሰዓት ይወስደዋል። በረመዳን ደግሞ ከአፍጥር በኋላ ማለትም ማታ 1 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በየዓመቱ በነዚህ ጊዜያት «እንቅልፍ አጣሁ» የሚለው ሰው ይበዛብኛል። ሚስጥሩ ይኸው ነው።

በሃይማኖቱ በኩል በሽተኛ እንዳይጾም ፈቃድ እንዳለው ቁርአን ራሱ ይናገራል፤ ክርስቲያኑም የንስሐ አባቱን ጠይቆ ይፈታለታል። ይህን ቤተሰብ ውስጥ ማስታወስ አስቸጋሪ ነው፣ በተለይ ለእናቶች። እኔ መምከር የምችለው ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሙንም ሼሁን ወይም ቄሱንም ማነጋገር ነው።

ሐኪም ፈቅዶ ረመዳንን ለሚጾም ሰው ከአፍጥር ይልቅ ሱሑር የተሻለ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በልቶ መዋጥ ከሰውነት ሰዓት ጋር ይቀራረባል፣ ሆድም ባዶ አይሆንም። ስኳር ያለበት፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ ወይም መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ግን በራሱ ፈቃድ አይጹም።

ጠበልም እንደዚሁ። ሂዱ፣ ተጠመቁ። ግን ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ለሁለት ሳምንት ጠበል ቦታ ሲከርሙ ፕሬድኒሶሎኑን ቤት ጥለው የሚሄዱ ሰዎች አሉ።

ቡናና ጫት

ወሎ ላይ ሰውን ቡና ተው ማለት ዘመድ ተው እንደማለት ነው። ስለዚህ ተዉ አልልም። ሒሳቡን ብቻ ላሳያችሁ። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና እየሠራ ነው። በዚያ ላይ ስቴሮይዱ አለ። የጠዋቱን ቡና ጠጡ፣ የቀትሩንም ጠጡ። ከ8 ሰዓት በኋላ የሚፈላው ላይ ግን ቁጭ በሉ፣ ቆሎውን ብሉ፣ ወሬውን ስሙ፣ ሲኒውን አሳልፉ። አልሆንልኝ ያለው ሰው ቢያንስ አቦሉን ትቶ በረካውን ይጠጣ። ወፍራም ሻይም ካፌይን አለው፣ ማምለጫ አይደለም።

ጫት ከዚህ ይከብዳል። ውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ፕሬድኒሶሎንም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሁለቱ ተደርበው ሌሊቱ እንዴት ይሆናል? ዱዓ ላይ የሚቀመጡ አባቶች «ልማዳችን ነው፣ ምን እናድርግ» ይሉኛል። ቢያንስ መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ባለበት ሳምንት ጫቱ ይቅር፣ ዱዓው ይቀጥል።

ማታና ሌሊት

ራት ቀደም ይበል፣ ቀለል ይበል። ስቴሮይድ ረሃብ ያመጣል፤ ሌሊት ተነስቶ ምጣድ ሥር የሚፈልግ ሰው ብቻውን አይደለም። ጨው ቀንሱ። ጨው እግር ያሳብጣል፣ በቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ማታ ስትተኙ ተመልሶ ሽንት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ማረፍ ይረዳል። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ውሃ በብዛት አትጠጡ።

ሽንትን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ስቴሮይድ የደም ስኳር ይጨምራል። ስኳር ሲጨምር ውሃ ይጠማል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከቶሳ የሚወርደው ብርድ እየመታችሁ ግቢው ጥግ ያለው መጸዳጃ ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ እንቅልፍ ቀርቷል። ባቲና ከሚሴ ላሉት ብርዱ ባይኖርም መነሳቱ ያው ነው። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ለሚወስድ ሰው ስኳሩ የሚወጣው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ ተለክቶ «ደህና ነው» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ከምሳ በኋላም ይለካ እንደሆነ ጠይቁ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

አልጋ ላይ ሆናችሁ ካልመጣ፣ 20 ደቂቃ ገደማ ጠብቃችሁ ተነሱ። ደብዛዛ ብርሃን ላይ ቁጭ በሉ። ውዳሴ ማርያም የሚደግም ይድገም፣ ዚክር የሚል ይበል። ስልክ አትክፈቱ። ሰዓት አትቁጠሩ። ሲያንቀላፋችሁ ተመለሱ። ጠዋት የተለመደው ሰዓት ላይ ተነሱና ፀሐይ ላይ ውጡ፤ በክረምትም ቢሆን ደጅ ያለው ብርሃን ከቤት ውስጡ ይበልጣል። ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ መተኛት የማታውን ይሰርቃል።

አረቄ አይሆንም። ያስተኛችሁ ይመስላል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳችኋል፣ ጨጓራችሁን ከስቴሮይዱ ጋር ተባብሮ ያደማል። ከጎረቤት የሚገኝ ዲያዜፓም የሚባለው የእንቅልፍ ክኒንም አይሆንም፤ አስም ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። እንቅልፍ ማጣቱ ከብዶ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ ሐኪም ይዘዘው። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲወሰዱ ጨጓራ የማቁሰላቸው አደጋ ከፍ ይላል፤ «ለማረፊያ አንዲት» እየተባለ አይዋጥም።

ለምን በአንድ ቀን አይቆምም?

መድኃኒቱን ከሦስት ሳምንት በላይ ስትወስዱ ኩላሊት አናት ላይ ያሉት ዕጢዎች «እኛ ምን ቤት ነን» ብለው ይተኛሉ። ክኒኑ በድንገት ሲቆም እነሱ ቶሎ አይነቁም። ሰውነት ያለ ኮርቲዞል ይቀራል። ከባድ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ግፊት መውረድ፣ ራስን መሳት ይመጣል። ሰው ይሞትበታል። ለአክስቴ የፈራሁት ይህንን ነው። አምስት ሳምንት ሞልቷት ነበርና።

ለአስም ለ5 ወይም ለ7 ቀን ብቻ የተሰጣችሁ ሰዎች በአብዛኛው በአንዴ ማቆም ትችላላችሁ፤ እንቅልፉም በጥቂት ቀን ውስጥ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው ግን ሐኪሙ በሚሰጠው ሰሌዳ ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው። ሲወርድ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሰማው ይችላል። እሱንም ለሐኪሙ ይናገር።

ለአስታማሚ

ይህን ክፍል ሕመምተኛው ባያነበው ግድ የለም፣ ቤተሰብ ያንብበው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ ወደዚህ አይደርስም። የደረሰው ግን ራሱ አያውቀውም፤ «እንደዛሬ ተሽሎኝ አያውቅም» ሊላችሁ ይችላል።

ሁለት ሦስት ሌሊት ጭራሽ ሳይተኛ ወሬው ከበዛ፣ ገንዘብ ከበተነ፣ ከማንም ጋር ከተጣላ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ ወይም ሰው ሊገድለኝ ነው ካለ፣ ወይም መኖር አልፈልግም ካለ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ፖስታውንም ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ «ፕሬድኒሶሎን ይወስዳል፣ ይህን ያህል ፍሬ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ» በሉ። ይህ ካልተነገረ መንስኤው ይሳታል። ሰውዬውን በገመድ አትሰሩት፣ አትገስጹት። መድኃኒቱ ሲስተካከል አብዛኛው ሰው ይመለሳል።

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የማያቋርጥ ጥማትና ሽንት፣ ትኩሳትም ካዩ አይዘግዩ። የሚያስመልሰው ሰው ክኒኑን ሆዱ ካልያዘለትም እንዲሁ።

አክስቴ ወደ ጠዋት ከዞረች በአራተኛው ሌሊት እስከ 11 ሰዓት ተኛች። ሐኪሟ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እየቀነሰላት ነው የወረደችው። ባለፈው ወር ልጠይቃት ኩታበር ስሄድ ጨርሳ አገኘኋት። ፖስታው ውስጥ 11 ፍሬ ተርፏል። ጎረቤቷ ወገቧን ታሟት ኖሮ ልትሰጣት እያወጣች ስትቆጥር ደረስኩ።

«አንቺ፣ ማታ ነው የምትውጪው እንዳትዪያት ብቻ» አልኳት።

«ምን በወጣኝ፣ ጠዋት ነው ብያታለሁ» አለችኝ።

11ዱንም ተቀብያት ደሴ ይዤው መጣሁ፤ ጎረቤቷንም ሰኞ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ነግሬያታለሁ።